ከጫት ክልከላው በኋላ ደጃፌ ላይ ስለቀረ አንድ እግር ጫማ

ለተከበሩ አቶ ካሳ፣
የሠፈራችን ጫት ከልካይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቆቦ

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከጉልበቴ በቀር፣ አልሀምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። ልቤ ግን ከማክሰኞ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል፤ ምክንያቱን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ጫትን ስላጠፉልን እናመሰግናለን። ድሮ የልጅ ልጄ እንድሪስ ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ ከሚያደርግበት ወዳጃ ላይ፣ እኔ መርቄ የሰጠሁትን እፍኝ ቅጠል ይዞ ከዓይኔ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ሲያበዛም እቀማው ነበር። እርስዎ ወዳጃውን ጭምር ስለበተኑልን አሁን የምመርቀው ፍየሎቼን ነው። አሚን አይሉም፤ ቅጠል ግን ማንም አልከለከላቸውም።

፪ኛ. ወጣቱ ቅጠሉን ትቶ ማሽላ እርሻ ውስጥ ተደብቆ ስሙን የማናውቀው ኪኒን መዋጥ ጀምሯል። ጫት በነዶ ስለሚጫን በኬላ ይያዛል፤ ኪኒን ግን በካልሲ ይገባል። ኮሚቴዎ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ጨዋ ስለሆነ የሰው ካልሲ አይፈትሽም።

፫ኛ. ማክሰኞ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ጓደኞቹ እንድሪስን ተሸክመው አምጥተው፣ ደጃፌ ላይ አስተኝተውት ሸሹ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ አብሮ የተገኘ አብሮ ይታሰራል ብለው በድምፅ ማጉያ ያስነገሩት እርስዎ ነዎት። ጤና ጣቢያ ባደርሰው፣ ነርሷ ፍሬሰላም ምን እንደዋጠ ካላወቅሁ እንዴት ላክመው ብትል፣ የሚያውቀው ሁሉ አፉን ያዘ። ልጁ ዛሬም ዓይኑን ይገልጣል እንጂ አያውቀኝም። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጦርም ረሃብም አይቻለሁ፤ እንዲህ ፈርቼ ግን አላውቅም።

፬ኛ. አራተኛም ነበረኝ፤ እንድሪስን ለማየት ወደ ጤና ጣቢያ ስነሣ ተውኩት።

ጫት ደግ ነው አልልም፤ ጥርሴን የጨረሰው እሱ ነው። ነገር ግን የማየውን ጉዳት በማላየው ለወጡልኝ።

ይህን ወረቀት ከክልከላ ማስታወቂያዎ ጎን የለጠፍኩት፣ ሕዝቡ ሁለታችንንም በአንድ ቁመት እንዲያነበን ብዬ ነው።

እጅ እንዲነሣ ጉልበቱ ያልፈቀደለት አክባሪዎ፣
ሙሀመድሰይድ

የረሳሁት፦ ልጆቹ ሲሸሹ አንድ የግራ እግር ጫማ ጥለዋል። ትናንት የሚያውቁት እንዲናገሩ ልጆቹን ማሰሩን ለአንድ ቀን እንዲተዉልኝ ልለምንዎ ቤትዎ መጥቼ፣ ከደጅ ጫማዬን ሳወልቅ የዚያኑ ጫማ ቀኝ እግር እዚያው አገኘሁት። ልጅዎን አይቆጡት፤ ልጄን ተሸክሞ ያመጣልኝ እሱ ነው። ጤና ጣቢያ ድረስ መጥቶ ምን እንደዋጡ ብቻ ለነርሷ ይንገራት። እሱም ከዚያው የዋጠ እንደሆነ ግን፣ አቶ ካሳ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምንፈራው ሁለት ነን።