ጠማማዋ ሳጥን

ጥቅምት ፬

ሳጥኗን ሰበረቻት ይላሉ። ውሸት ነው። አልሰበርኩም፤ አቃናሁ እንጂ።

የምራቴን ሳጥን፣ የማሽን ሕመም ታዳምጣለች የምትባለውን፣ ትልቁ ማድረቂያ ጎን ላይ ተንጋዳ ተለጥፋ አየኋት። የክብሪት ቀፎ ታክላለች፣ ገመድ እንኳ የላትም። የያዛት ማግኔት ስለሆነ ብዙም አልታገለችኝም። አነሳሁና አጠገቡ ያለው የማሽኑ ሽፋን ቆርቆሮ ላይ፣ በማስመሪያ ለክቼ፣ ቀጥ አድርጌ ለጠፍኳት። ወንጀሉ ይኸው ነው።

በዚህ የልብስ ማጠቢያ ቤት ወሬ ከእንፋሎቱ ይፈጥናል። "ማስመሪያ ከሳጥኗ ጋር ተደባደበች" ሲባባሉ ሰማሁ። ማስመሪያ የሚሉት እኔን ነው። የማላውቅ ይመስላቸዋል...

አንሶላ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ካልታጠፈ ፈትቼ አስደግማለሁ። ማሽን ላይ የሚለጠፍ ነገር ሲንጋደድ ዝም ልበል?

ጥቅምት ፭

ምራቴ መጣች። ቤቷ ቁጭ ብላ ነው ያወቀችው! ሳጥኗ አቀማመጧ ሲለወጥ በስልክ ነግራታለች። ከሰሰችኝ ማለት ነው።

"እማዬ፣ የእርስዎ እጅ ነው አይደል?"

"ተንጋዳ ነበራ።"

"ኩሽኔታው ላይ ነበረች እኮ!"

ኩሽኔታ... ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት። እዚያ ያለው ብረት ራሱ ዘመም ያለ ነው፤ ሳጥኗም ብረቱን ተከትላ ዘመመች። እጄን ይዛ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠችው። ቆርቆሮው ለሁሉም ይንቀጠቀጣል፤ በሩ ሲዘጋ፣ ጋሪ ሲያልፍ። ከዚያ ወደ ብረቱ ወሰደችኝ። እሱ የሚያወራው የዘንጉን ብቻ ነው። ሳጥኗንም እንደተንጋደደች ወደዚያው መለሰቻት።

"ሐኪም የልብ ምት በካፖርት ላይ ያዳምጣል እንዴ?" አለችኝ።

ከዚያ አንዷን ሳጥን ከፈተችልኝ። ሁሉንም ራሷ ናት የበየደቻቸው። ሽቦዎቹ ከፀጉር ይቀጥናሉ፤ የብየዳው ነጠብጣብ ሁሉ እኩል፣ የሚያብረቀርቅ። እንከን ፍለጋ በአጉሊ መነጽር አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። የለም። እኔ ፈልጌ እንከን ያጣሁበት ሥራ ጥቂት ነው።

ጥቅምት ፱

ለካ ነገሩ የሙከራ ነው። ሥራ አስኪያጁ "አንዴ ያለ ምክንያት ማሽን ብታስቆሚኝ ሁሉንም ነቅዬ አስረክብሻለሁ" ብሏታል። እሷ ደግሞ የደመወዝ ሥራዋን ትታ ነው ሳጥን ሥራ ውስጥ የገባችው። ሌላ ደንበኛ የላትም። ባሏ፣ ልጄ፣ አልነገረኝም፤ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ እየሳቀች። ያን ዓይነት ሳቅ አውቀዋለሁ...

ጥቅምት ፲፬

ማሽኖቹን ዞርኩ። ጠማማዋን ሳይ ጣቴን በላኝ። አልነካሁም።

ጥቅምት ፲፱

ዛሬ ጠማማዋ ሳጥን በስልኩ ጮኸች። ጠዋት ስንገባ ምራቴ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። "ትልቁ ማድረቂያ ይቁም! ኩሽኔታው እየተበላሸ ነው።"

የምናጥብለት ሆስፒታል አንሶላ ግድግዳ አክሎ ተከምሯል። የቤቱ መካኒክ የመፍቻውን እጀታ ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ብረቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። "ኧረ እንደጠገበ ድመት ነው የሚያንኮራፋው" አለ። ሠራተኞቹ ሳቁ።

ሥራ አስኪያጁ ወደኔ ዞረ። "እትዬ፣ የእርስዎ እጅ ምን ይላል?"

እዚህ ቤት ሲጨነቅ የሚጠየቀው የኔ መዳፍ ነው። አስቀመጥኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ... ምንም። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ምራቴ ወለሉን ታያለች። አንድ ቃል ብዋሽላት ያልቅ ነበር። ግን ያልሰማሁትን ሰማሁ ማለት አልተማርኩም።

"እጄ ምንም አልሰማም" አልኩ።

"እንግዲያው ይቀጥል።"

"አልጨረስኩም! ይቺ ሳጥን እኔው ላይ የመሰከረች ናት። የሠሪዋን አማት ያልፈራች፣ ኩሽኔታ ላይ ምን ብላ ትዋሻለች? ይቁም። ሐሰት ከሆነ ሁሉንም ነቅዬ የማስረክባት እኔ ነኝ። እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ።"

መካኒኩ ብቻ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አየኝ፣ አየኝና... አስቆመው።

ፈቱት። መካኒኩ ቀለበቱን ጠርጎ ወደ መብራቱ አቀረበ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ። ስንጥቅ! ቀጭን፣ ግን ዙሪያውን መዞር የጀመረ። "ሲሰበር ዘንጉንም ይዞት ይሄድ ነበር" አለ። "ለወራት እንዘጋ ነበር።"

ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ አላለም። "ለመተኮሻዎቹስ ስንት ሳጥን ይበቃል?" ብሎ ነው የጠየቃት። እሷም መልስ ስትሰጥ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እንደ ቆርቆሮው።

ጥቅምት ፳

አንሶላው በትንንሾቹ ማድረቂያዎች አለቀ። አዲሱ ኩሽኔታ ገባ።

እጄ ግን ለምን አልሰማም? አረጀ? ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ፣ ይህ ጥያቄ። ማታ እራት ላይ ጠየቅኳት።

"ስንጥቁ ገና ሲጀምር የሰው እጅ አይደርስበትም፣ እማዬ። የማንም።"

የማንም... ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርኩ፤ ደስ ያለኝ ስለ ራሴ ነበራ። እሷን ግን ጎበዝ አላልኳትም። የሰው ሥራ ሳመሰግን አንደበቴ ይተሳሰራል።

ነገ መጀመሪያ መነጽሬን አጸዳለሁ። ከዚያ ሌላው ሳይገባ እሷን ይዤ ሳጥኖቹ ስልኳ ላይ የሚሥሉት መስመር እንዴት እንደሚነበብ አስተምሪኝ እላታለሁ። ጎበዝ ነሽም እላታለሁ፤ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ መካኒኩ እየሰማ። ከዚያ ማሽኖቹን እዞራለሁ። ጠማማዋ ጋ ስደርስ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አልፋለሁ። ማስመሪያዬን... እቤት ትቼው እወጣለሁ።