በመሐረብ የተፈተነ የስፌት መኪና

ማክሰኞ

ወስዶ ለወጣብኝ! ሃያ ሁለት ዓመት በእግሬ እየረገጥኩ የሠራሁባትን የስፌት መኪናዬን፣ እኔ ጸሎት ቤት ሆኜ፣ ባሌ ታደሰ ጭንቅላቷን ፈትቶ፣ በባጃጅ ጭኖ ወስዶ፣ ላይዋ ላይ ብር ጨምሮ በአዲስ ለውጦ መጣ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፕላስቲክ ነገር ተቀምጧል። የእኔዋ እግሯ ብቻ ጥግ ላይ ቀርቷል። ታደሰ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ቆሟል።

«እንኳን ደስ አለሽ!» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ትናንት የነገርኩት ሌላ ነው። ክር አልያዝ ያለችው ከታች ያለችው ብረት ቦታዋን ለቃ ነው፣ ብሎን ማጥበቅ ነው፣ የሚጠግን ሰው ጥራልኝ አልኩት። እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሯል፤ ስለዚህ ማሽን ያውቃል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነው የማያውቀው። «ሞታለች» ብሎ ፈረደባት።

በምን መረጥከው ስለው ከኪሱ መሐረቡን አወጣ። ሱቁ ውስጥ በመሐረብ ነው ያስፈተነው! ዳር ዳሩን አበባ ሰፍቶለታል። በአንድ ስስ ጨርቅ! እኔ መሐረብ ነው የምሰፋው? እኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሜ፣ መሐሉን ብርድ ልብስ፣ ከሥሩ አቡጀዲ አድርጌ፣ ሦስቱን አንድ ላይ የምሰፋ ሴት ነኝ። ሰፈሩ ድሪቶ ይለዋል። ይበል። የአሰላ ብርድ ሲመጣ «አልማዝ፣ አንድ ድሪቶ የለሽም?» እያለ በሬን የሚያንኳኳው ይኸው ሰፈር ነው።

የጨነቀኝ ሐዋ ናት። የጎረቤቴ የዘይነባ ልጅ፤ እጄ ላይ ነው ያደገችው። እሑድ አግብታ ጢቾ ትሄዳለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከሰፋሁላት ቀሚስ ሁሉ አንዳንድ ቁራጭ አስቀምጬ፣ ለሠርግሽ ድሪቶ እሰፋልሻለሁ ብያት ነበር። ግማሹ አልቋል። ግማሹ በዚህ ፕላስቲክ ሊሰፋ ነው።

ረቡዕ

የዛሬ ሥራዬ፦

ሦስት መርፌ ተሰበረ።

ክር ስንቴ እንደተበጠሰ እሱ አንድዬ ይወቅ።

የተሰፋ፦ አንድ ክንድ የማይሞላ። እሱንም ፈታሁት።

አራት ቁራጭ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ሲደርስ ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ከዚያ ይቆማል። ታደሰ መጥቶ «ቮልቴጁ ነው» አለ። ከሰዓት በኋላ ጭራሽ መብራት ጠፋ፤ ቮልቴጁም አብሮ ሄደ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጨርቁ ወፍሮበት ነው፤ ሳሳ አድርጊው።» ለመኪናው ብዬ ብርድ ልብሱን ላውጣ! ሐዋ ጢቾ ብርድ ላይ ስትንቀጠቀጥ ፊዚክስ ያሙቃታል!

ውሰድና መልስልኝ አልኩት። ወስዶ፣ ያንኑ ፕላስቲክ ተሸክሞ ተመለሰ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ብለውታል። የእኔስ መኪና ስለው፣ ባለሱቁ ለአንድ ጠጋኝ ሰጥቻታለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አላስታውስም አለው። ታደሰ ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት ያያል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። አልጠየቀኝም። አንዲት ቃል፣ «ልለውጣት ወይ?» አላለኝም። እሱ መነጽሩን ሲያሠራ በእኔ ዓይን ነው እንዴ የተለካው?

አመሻሽ ላይ ዘይነባ ገባች። የተሰበሩትን መርፌዎች አየች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «አልማዝዬ፣ ካልሆነም አትጨነቂ፤ ከገበያ ብርድ ልብስ እገዛላታለሁ» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ዛሬ ራሴ ወጣሁ። ከሐዋ ድሪቶ የተረፈ፣ ሦስቱም ድርብ ያለበት ቁራጭ በእጄ ሰፍቼ በፌስታል ያዝኩ። ታደሰን «ያንን ነገርህን ተሸከምና ተከተለኝ» አልኩት። ፕላስቲኩን ከነካርቶኑ ትከሻው ላይ አድርጎ ተከተለኝ።

አንደኛው ሱቅ፦ ልጁ ስስ ጨርቅ አውጥቶ ሊያሳየኝ ሲል፣ በእኔ ጨርቅ አልኩት። «እማማ፣ ይኼ እኮ ፍራሽ ነው!» ብሎ ሳቀ። ወጣሁ።

ሁለተኛው፦ አስገባልኝ፣ ሁለት ስፌት ሄደ፣ ቋ! መርፌው ተሰበረ። «መርፌዬን ሰበርሽው» ብሎ ጮኸብኝ። የሰበረው መኪናህ ነው ብዬው ወጣሁ።

ሦስተኛው፦ የፋብሪካ መኪና ነው፤ ጨርቄን ቅቤ አስመስሎ አለፈው። ግን ያለ መብራት አይንቀሳቀስም። የሰፈራችንን መብራት ደግሞ አውቀዋለሁ። ታደሰ ስለ ሞተሩ ሊያስረዳኝ አፉን ከፈተ። ዞሬ አየሁት። ዘጋው።

እግሬ ዝሎ፣ ተስፋ ቆርጬ፣ ከገበያው ጀርባ አንድ ጠጋኝ ቤት ገባሁ። ሽማግሌ ሰው ናቸው። «ይህን የሚሰፋ አለዎት?» ብዬ ፌስታሌን ፈታሁ። አልሳቁም። ጨርቁን በጣታቸው ጨበጥ ጨበጥ አድርገው፣ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባች፣ የእሳቸው እግር ላይ የተገጠመች አንዲት መኪና ፊት አስቀመጡኝ። ረገጥኩ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። አራቱ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ደረሰች። አለፈችው! አንድም አልዘለለችም።

ጨርቄን ሳወጣ አውራ ጣቴ ከመርፌው ሥር ያለችው የብረት ሳህኗ ላይ አንድ ነገር ነካ። ከቀለሙ ሥር ያለች ጭረት። የስፌቱን ስፋት እንድትለካልኝ በሞረድ ራሴ የሠራኋት ጭረት ናት። የራሴ መኪና!

ሽማግሌው ምኑንም አያውቁም። «ማክሰኞ ነው የደረሰችኝ፤ አንዲት ብሎን ነበረች የላላችባት፣ ሌላ እንከን የላትም» አሉኝ። ቀጥለውም «ይህችን የመሰለች መኪና አውጥቶ የሰጠ ምን ዓይነት ደደብ ነው?» አሉ።

ታደሰ ከኋላዬ ቆሟል። ያንን አበባ ያለበትን መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ።

«ደደብ እንኳ አይደለም፤ የፊዚክስ አስተማሪ ነው» አልኳቸው።

ፕላስቲኩን ሰጥቼ የራሴን ወሰድኩ። «አዲስ በአሮጌ? ያዋጣሻል ልጄ?» ብለው ሁለቴ ጠየቁኝ። ያዋጣኛል አልኳቸው። ታደሰ ባጃጅ ልጥራ አለኝ። በእቅፍህ አልኩት። ያ ሁሉ ብረት! ዳገቱን ሙሉ የድሮ ተማሪዎቹ «ጋሼ፣ እናግዝዎት?» ይሉታል። ልቤ ትንሽ ራራ። ግን እምቢ፣ ብቻህን አልኩ።

ዓርብ

እግሯ ላይ መልሼ ገጥሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስረግጥ ዋልኩ። ወገቤ የለም። ከታደሰ ጋር አንነጋገርም። የዘይት ጠርሙስ ይዞ በዙሪያዬ ይሽከረከራል። «ዘይት ላድርግላት?» አትንካት! «ክር ላቀብልሽ?» ተቀመጥ! ይቅርታ የምትባል ቃል ግን ከአፉ አትወጣም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወጥታ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስለ ይቅርታ የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው፤ ጉድ እኮ ነው!

ሦስት መስመር ቀረኝ።

ቅዳሜ

አለቀ! በዘጠኝ ሰዓት የመጨረሻውን ክር ቆረጥኩ። ተመስገን!

ዘይነባን ጠራኋት። አልጋዬ ላይ ዘርግቼላታለሁ። በጣቷ አንድ በአንድ እየነካች፣ «ይቺ የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሟ፣ ይቺ የዒድ ቀሚሷ፣ ይቺ ደግሞ ያቺ አጥር ላይ የቀደደቻት…» እያለች ሄደች። ገና በሕፃንነቷ የሰፋሁላት ሰማያዊ ቀሚሷ ጋ ስትደርስ ጣቷ እዚያው ቆመ። ተቃቅፈን አለቀስን። ታደሰ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቀስ ብሎ ሄደ።

እሑድ

ሐዋ ሄደች። ድሪቶውን ከሻንጣ ጋር ጭነውላት ነበር፤ «አይሆንም» ብላ አስወርዳ፣ የሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋው ሄደች። ሠርገኛው ሁሉ እያየ።

ድንኳኑ ውስጥ ከሲሬ የመጣች የዘይነባ ዘመድ ታደሰ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ማሽን ያውቃሉ ይባላል። ለልጄ የስፌት መኪና ልገዛላት ነው፤ የትኛው ይሻላል?» አለችው። እኔ ፊት ለፊት ነኝ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ታደሰ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዋናው ሞተሩ…» ብሎ ጀመረ። ቆመ። የሻይ ብርጭቆውን አዞረ።

«እሷን ጠይቂያት» አለ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። «እኔ የማውቀው መሐረብ ነው።»

ሴትየዋ አልገባትም። እኔ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። የሚሰፋውን ጨርቅ ይዘሽ፣ የምትሰፋዋን ልጅ ራሷን አስከትለሽ ሂጂ አልኳት።

ቤት ስንገባ «እራት ላቅርብልህ?» አልኩት። ከሐሙስ ወዲህ «አትንካ»፣ «ተሸከም» ከማለት ሌላ ያናገርኩት ይህችን ነው። «ካልደከመሽ» አለኝ። ደክሞኝ ነበር። አቀረብኩለት።