ከታችም ጨው ነው ወይ?

ሐሙሲት፣ እሁድ ከሰዓት

ለወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? እማዋይሽስ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ? የቀዩ በሬ እግር ዳነ? የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ማሳው እንዳይቀድምህ፤ አውቅሃለሁ፣ ቤትህ ሰው ሲበዛበት ሥራ ትረሳለህ። እኔ ደህና ነኝ። ከሰውነቴ የጎደለ ነገር የለም። ጠቁሬያለሁ፣ ትንሽም ወፍሬያለሁ።

የአባየን ጤና ዛሬ አልጠይቅህም።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። አሁን ተቀምጫለሁ።

ማክሰኞ እገባለሁ ብዬህ ነበር። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ግን ሐሙሲት ነኝ፣ መንገድ ዳር ካለ አልጋ ቤት፣ ፎቅ ላይ። ከባሕር ዳር የተሳፈርሁበት ሚኒባስ እዚህ ሰው ሊያወርድ ሲቆም እኔም ወረድሁ። ረዳቱ “እትየ፣ ወረታ አላልሽም እንዴ?” አለኝ። “እዚህ ሰው አለኝ” አልሁት። ሻንጣዬን ሲያወርድ “ሰውሽ ብርቱ ካልሆነ ይህን አይችለውም” ብሎ ሳቀ። ማንም የለኝም። መንገዱ ደግሞ ክፍት ነው። ተዘግቶ ቢሆን ምክንያት ይሆነኝ ነበር። ከዚህ ወረታ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ እኔ ሁለት ቀኔ።

አውቃለሁ፣ ወንድምዓለም። አባየ እንደሌለ አውቃለሁ። ማክሰኞ እራት አብልታችሁ እንደምታስተኙኝ፣ ረቡዕ ሳይነጋ አባ ገብረ ሐና ከሽማግሌዎቹ ጋር በሩን እንደሚያንኳኩ አውቃለሁ። እማዋይሽ ውሃ ይዛ ከኋላቸው ትቆማለች። የጎረቤታችን የይርገዱ ልጅ ከሱዳን የተመለሰ ጊዜ እንዴት እንዳረዱት አይቻለሁ። መሬት ላይ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ፊቱን ነበር የሚያየው። እኔም አየሁት።

አንተ የማታውቀው መቼ እንዳወቅሁ ነው። እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥሁት። ስልክ ላይ ሁለታችንም እንዋሻለን፤ ስለዚህ ጻፍሁ። ግን አስቀድሜ መርከቢቱን ልንገርህ። ፍቀድልኝ።

ፊሊፒንስ የሩዝ ሥልጠናው ሲያልቅ አብራኝ የተማረች ልጅ በአጎቷ መርከብ ላይ አንድ ቦታ ባዶ እንደሆነ ነገረችኝ። ሰባት ቀን በደሴቶች መካከል። እሁድ ዕለት አባየን በስልክ ጠየቅሁት፤ አጠገቡ ስለነበርህ ሰምተሃል። “ሂጂና እዪ፤ ዘሩ ያላንቺም ይዘራል” አለኝ። ከዚያ ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው “ውሃው ጨው ነው ይላሉ። በጠርሙስ አምጪልኝ። እኔ ሳልቀምስ አላምንም” አለ። እሱ መቼ የሰው ወሬ አምኖ ያውቃል? ጎረቤቱ ሁሉ “ሣር ዘራ” እያለ ሲስቅበት ሩዝ ዘርቶ ያበላን እኮ ነው። ጣናን እያየ ያረጀ ሰው፣ ያን ሁሉ የሚያህል ውሃ ከብት እንኳ አይጠጣውም ሲሉት እንዴት ይመን?

መርከብ ልበላት እንጂ ትንሽ ናት። አሥራ አራት መንገደኛ፣ ስድስት ሠራተኛ። እንዳትገለበጥ ግራና ቀኝ የቀርከሃ ክንፍ አላት። የጣና ታንኳ አድጎ ክንፍ ቢያወጣ እንደዚያ ይመስላል። ጠዋት ከአንዱ ደሴት ትነሣለች፣ ማታ ሌላው ደሴት ሥር ታድራለች። ውሃው እስከ ወለሉ ድረስ ይታያል። እግሬን ሳስገባው የሌላ ሰው እግር መሰለኝ። አወጣሁት፣ ተመልሶ የኔ ሆነ። ብዙ ጊዜ እንዲህ አደረግሁ።

ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪሞች። ባልየው ሊዋኝ ሲወርድ ሚስትየዋ “ብትሰምጥ አልከተልህም” ትለዋለች። እሱም ውሃው ውስጥ ሆኖ “እንግዲያስ እዚያ ነው የማርፈው” ይላታል። ወጥ ቤቷ ማሪሴል ነበረች፣ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና። የመጣሁበትን ስነግራት ጭልፋዋን አንሥታ “የሩዝ ሐኪም ነሽ አሉኝ። በይ ሩዜን መርምሪው፣ ታሟል?” አለችኝ። በቀን ሦስት ጊዜ አበላችኝ። በላሁ።

መንደር ያለበት ደሴት ስንደርስ ስልኬ ይሠራል፣ አንተም ትደውላለህ። ማክሰኞ አመሻሹ ላይ አባየን አቅርብልኝ ስልህ “ይፋግ ገበያ ወርዷል” አልኸኝ። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ይፋግን ካየ አራት ዓመቱ ነው። ረቡዕ “ጣራ ገዳም ሱባዔ ገብቷል፣ ስልክ አይዝም” አልኸኝ። ወዲያው ደግሞ “አባየ፣ ደሴቱ ላይ ዛፍ አለ ወይ ይላል” አልህ። ስልክ ሳይዝ በምን ላከብህ? መዋሸት አትችልም፣ ወንድምዓለም። ከልጅነትህ ጀምሮ አትችልም። “አለ በለው፣ ኮኮናት የሚባል፣ ቅርንጫፍ የሌለው” አልሁህ።

ሐሙስ፦ “አባየ፣ ሰዎቹ እንዲያ በውሃ ተከበው ሲኖሩ አይጨንቃቸውም ወይ ይላል።”

ቅዳሜ፦ “አባየ፣ መሬት ከማይታይበት ስትደርሺ ምን ይሰማሻል ይላል።”

ሁሉንም መለስሁ። “አይጨንቃቸውም፤ ዘመድ ለመጠየቅ በጀልባ ይሄዳሉ በለው።” “ሆድ ባዶ ሲሆን እንደሚሰማው ነው በለው።” አንተም “እሺ፣ እነግረዋለሁ” ትላለህ። ከኋላህ ዶሮ ይጮሃል።

ረቡዕ ከሰዓት አንድ ነጭ አሸዋ ላይ ወረድን። ሁሉም የአገሩን ጭፈራ ያሳይ ተባለ። የጥርስ ሐኪሞቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዞሩ። ማሪሴል በጭልፋዋ ድስት መታች። እኔ ጋ ሲደርስ ተነሣሁና እስክስታ ወረድሁ። አጀቡኝ። ትከሻዬ እንዲያ ታዝዞኝ አያውቅም። ሽማግሌዋ አቅፋ ሳመችኝና “እንዳንቺ ደስተኛ ሰው አላየሁም” አለችኝ።

ዓርብ አንዲት ጀልባ በፊታችን አለፈች፣ የሬሳ ሣጥን የጫነች። ከአንዱ ደሴት ወደ መቃብሩ ደሴት። ካፒቴናችን ሞተሩን አጠፋ። ሁሉም ተነሥቶ ቆመ፣ ማሪሴል አማተበች። እኔም ቆምሁ፣ በእጄ ኮኮናት ይዤ። የሟቹ ሰዎች ጀልባዋ እንዳታዘነብል ግራና ቀኝ እኩል ተከፍለው ተቀምጠዋል። ቆጠርኋቸው። አምስት በዚህ፣ አምስት በዚያ። አንዲት ሴት አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፣ ድምፁ ግን በነፋሱ ምክንያት አይደርሰንም ነበር። ማሪሴል አየችኝ። ሣጥኑን ሳይሆን እኔን። የዚያን ቀን ምሳ ብዪ ብዪ ብላ አላስጨነቀችኝም።

አሁን ልጻፈው።

ባሕር ዳር ሰው የነገረኝ ይመስልሃል። ወይ ከመርከቧ ከወረድሁ በኋላ። አይደለም።

የዚያው ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው፣ እናንተ ዘንድ ጠዋት። ከመሳፈሬ በፊት። ሻንጣዬን አንድ ሠራተኛ ተቀብሎኝ ገብቷል። አንዱ እግሬ ወደ መርከቧ በሚያሻግረው ሳንቃ ላይ ነው፣ ሌላው መሬት ላይ። ደወልህ። ወረታ፣ ከሩዝ መፈልፈያው ቤት ነበርህ፤ ማሽኑ ይጮሃል። ሳታውቀው ምስሉን ከፍተኸዋል። ራስህን ተላጭተሃል። ፊትህ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ራስህ የገረጣ፣ ሁለት ሰው በአንድ አንገት ላይ። እንዲያ ሆነህ ያየሁህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እናታችን የሞተች ጊዜ። እኔ አፌን ሳልከፍት “ሙቀቱ ጠንቶብን” አልህ። ከዚያ ምስሉ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ኮፍያ ሳታደርግ በምስል አልደወልህልኝም።

እሁድ ራሱ አናግሮኛል። ማክሰኞ አንተ ተላጭተሃል። ሰኞ ነው፣ አይደል?

ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ “ትመጫለሽ?” አለኝ። “እመጣለሁ” አልሁት። ሁለተኛውን እግሬን አነሣሁ።

ይኸው ነው። ሌላ የለም።

ብመለስ ኖሮ ምን እደርስ ነበር? ቀብሩ አልቋል። አውሮፕላን እስካገኝ ሣልስቱም ያልፋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ግን የዚያን ሰዓት አላሰብሁትም። ምንም አላሰብሁም። ጆሮዬ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር። በኋላ፣ ማታ፣ አንድ ነገር አሰብሁ። ገና አላረዱኝም አልሁ። ያልተረዳ ሰው ሐዘንተኛ አይባልም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ማንም አይፈርድበትም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም አልሁ። እናንተ እኔን ልትጠብቁበት የሠራችሁትን አጥር እኔ ተሸሸግሁበት።

ረቡዕ ሣልስቱ ነበር። አባ ገብረ ሐና ፍትሐት ሲያደርሱ፣ አንተ ቆመህ ሰው ስትቀበል እኔ ትከሻዬን እየሰበርሁ ነበር። በሰባተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ውሃ ውስጥ ገብቼ ዓሣ አየሁ። ቢጫ ነው፣ በጎኑ ጥቁር መስመር አለው። እንዲህ ያለውን ነገር ዓይኔ ለምን በትክክል እንደያዘው አላውቅም። የአባየን ፊት ላስታውስ ስሞክር ግን ዓሣው ይመጣል። እስካሁን አላለቀስሁም። አሥራ አራት ቀን። ፊቴን በዚህ አልጋ ቤት መስተዋት አየዋለሁ፤ ሰላም ነው። ያስደነግጠኛል።

የምፈራው ይህን ነው። ረቡዕ ሊነጋ ሲል በሩ ይንኳኳል። አባ ገብረ ሐና “ልጄ፣ ጠንክሪ” ይላሉ። ሰው ሁሉ ፊቴን ያያል። እንባዬ ባይመጣስ? ቢመጣስ፣ እንዳዲስ ብጮኽስ፣ ያ ጩኸት የማን ነው? አንተ አጠገቤ ትቆማለህ፤ አንተ እያመንኸኝ እጮኻለሁ። ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ፣ አንተ እያመንኸኝ መጮኹን ግን አልችልም። ይህን ሳልነግርህ ከዚያ ቤት መግባት አልሆነልኝም።

ሌላም ነገር አለ። ትናንት ጋደም ብዬ ጥያቄዎቹን ደጋገምኋቸው። አባየን እኔም አውቀዋለሁ። አባየ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ስለ አፈሩ፣ ውሃው ማሳ ይገባ እንደሆነ። ሰዎቹን ይጨንቃቸው እንደሆነ አይጠይቅም። መሬት ከማይታይበት ስደርስ ምን እንደሚሰማኝ በሕይወቱ ጠይቆኝ አያውቅም። አንተም ጠይቀኸኝ አታውቅም፣ ወንድምዓለም። እኔን አስተምረህ አንተ ከሞፈሩ ጋር ቀረህ። ከባሕር ዳር ወዲያ አልፈህ አታውቅም።

የመጨረሻው ቀን “አባየ፣ ጨውነቱ ከላይ ብቻ ነው ወይስ ከታችም ጨው ነው ወይ ይላል” አልኸኝ። አላውቅም፣ እጠይቃለሁ አልሁህ። ካፒቴኑን ጠየቅሁት። ሳቀብኝ፣ ከዚያ ግን መሳቁን ተወና ባልዲ ገመድ ላይ አስሮ ድንጋይ ጨምሮ ጣለው። ከጥልቁ ተቀዳ ልል አልችልም፣ ባልዲው ሲወጣ ከላዩም ሳይቀላቀል አይቀርም። ቀመስሁት። ጨው ነው። ከታችም ጨው ነው። መልሱን ለጠየቀው ሰው ንገርልኝ።

ጠርሙሱን ይዤዋለሁ። ልብሴ መሐል ጠቅልዬ፣ ሦስት አውሮፕላን ማረፊያ አሳልፌ። ፍቺና አሳዪን ሲሉኝ “ለአባቴ ነው” አልሁ። ሦስቱም ቦታ።

እባክህ ይህን አድርግልኝ። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ታደለ ያደርስሃል፤ የሚኒባስ ሾፌሩ፣ ያውቅሃል። ለእማዋይሽ እንኳ አታንብብላት። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጉማራ ድልድይ ላይ እወርዳለሁ። ብቻህን ና። ሽማግሌ የለ፣ ካህን የለ። አንተ ራስህ ንገረኝ፣ በአፍህ። “አባየ ይላል” ሳትል። ከዚያ ብትቆጣኝ፣ እንደመጣሽ ተመለሺ ብትለኝ፣ ልክ ነህ። ባትቆጣኝ ግን አብረን እንገባለን፤ ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ሲመጡም አንተ የምታውቀው ጩኸት ይሆናል፣ ሌላው ሰው ምንም ይበል።

አንተንስ ማን አረዳህ? አጠገቡ ስለነበርህ ማንም አላረዳህም። በማግስቱ ወረታ ወጥተህ ለኔ በሱ ስም ማውራት ጀመርህ። ያን ሁሉ ቀን አንተን ማን አጽናናህ? እኔ “አባየን ሳምልኝ” ስልህ ስልኩን ምን ብለህ እየዘጋህ ነበር?

እንግዲህ ነፍሱን ይማርልን። ይህን ቃል ገና አሁን ነው የጻፍሁት። እጄ ጻፈው፣ እኔ አየሁት። ለቀዩ በሬ ምሕረት ይውረድለት፣ ለዘሩ ዝናቡ በልኩ ይውረድለት። እማዋይሽን ያቆይልህ፣ ልጆችህን ለወግ ያብቃልህ። አንተን ያቆምህ አምላክ ማክሰኞ ድረስ እኔንም ያቁመኝ።

ታናሽ እህትህ

ስትመጣ ኮፍያውን አታድርግ።