አዋሽ ውስጥ ያልሞተችው ልጅ

ማክሰኞ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ

«ከዚያ በጩቤ ወጋትና ወንዝ ውስጥ ጣላት» ብዬ ጨረስኩ፤ የሆቴሉ ግቢ በከባድ መኪና ሹፌሮች ሞልቷል። ሬቸል ባንጆዋን፣ ክራር መሰሉን መሣሪያ፣ አንስታ ዘፈነችው። እኔ ሰመራ እንግሊዝኛ የማስተምር ሰው፣ የዚህች አሜሪካዊት ዘፋኝ አስተርጓሚ ሆኜ ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ተጨብጭቦልኛል፣ ምን ልደብቅ።

ዘፈኖቿ የገጠር ናቸው፤ የተራራ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የድህነት። ግማሾቹ ደም ደም ይላሉ። አገሯ ያሉ ወጣቶች እነዚህን የጥንት ዘፈኖች እንደገና እያነሱ በየመጠጥ ቤቱ ይጫወቷቸዋል አለችኝ። ሴቶቹ ዘፋኞች ደግሞ መጨረሻውን እየቀየሩ ሟቿን ከወንዙ ያወጧታል። እሷ ግን የድሮውን ትወዳለች። ባንጆው ራሱ በባርነት ከአፍሪካ ከተወሰዱ ሰዎች ጋር የሄደ ነው ስትል ሹፌሮቹ አፏጩላት።

የግድያውን ዘፈን ትንሽ አሳመርኩት። የእሷን ወንዝ እዚህ ማን ያውቀዋል? አዋሽ አልኩት። ገዳዩን የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሟቿን አስተናጋጅ አደረግኩ። «ባለፈው እሁድ» ብዬ ቀንም ቆረጥኩለት። ሐጂ ዑመር የሚባሉ አፋር ሽማግሌ፣ መኪና ሊሳፈሩ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሮ፣ ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁኝ። ስፒከር ተሸክሜ ነበር። የማን እንደሆነች አላውቅም፣ እዚሁ ነበር የምትሠራው ብዬ አለፍኳቸው።

ረቡዕ፣ ሰመራ

ሰመራ ልንገባ ስንል ሎግያ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆመን ባለሻይዋ ወሬ ነገረችኝ። አዋሽ ላይ አንድ ሹፌር አስተናጋጅ ገድሏል። አውሬ ነው እንጂ ሰው አይደለም አልኩ። እሷም ቀጠለች፦ እሁድ ነው፣ በጩቤ ወግቶ ወንዝ ውስጥ ጣላት።

የተናገርኩት ቃል በቃል ነበር። ሻዩን መልሼ አስቀመጥኩት።

ዘፈን ነው ብላት አልሰማችኝም፤ ዳጉ ነው አለች። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፣ ዳጉ እሱ ነው። በዳጉ መዋሸት ነውር ነው፤ የሰማም ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል። ሐጂ ዑመር እኔ የጨመርኩትንም እንዳለ አድርሰውታል።

ሐሙስ

ግራ ክንዴ ተሰብሯል። ደግነቱ በቀኜ ነው የምጽፈው።

ሎግያ ጎሚስታ የሆነ ተስፋዬ የሚባል ልጅ አለ። እህቱ ሰናይት አዋሽ አስተናጋጅ ነበረች፣ ሰሞኑን ስልኳ ዝግ ነው። የወንድ ጓደኛዋ ግርማ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ተስፋዬ ወሬውን ሲሰማ ሌላ ምን ያስብ?

ተስፋዬና ጓደኞቹ ግርማን እኛ ነዳጅ ልንሞላ በቆምንበት ማደያ መኪናው ውስጥ እንደተኛ አገኙት። በፀጉሩ ጎትተው አወረዱት። ተስፋዬ በጎማ መፍቻ ብረት ፊቱን ሲለው አየሁ። ጥርሱ አስፋልቱ ላይ ረገፈ። ከወደቀም በኋላ ጎኑን ይረግጡት ነበር፣ አንዱ በነጠላ ጫማ። ሰውየው «ምን አደረግኩ?» ሲል ሰማሁት፤ ቀጥሎ አፉ ደም ብቻ ሆነ።

መሀላቸው ገባሁ። ዘፈን ነው፣ እኔ ነኝ ያወራሁት፣ ዘፈን ነው አልኩ።

ተስፋዬ ዞረ። «እህቴን ዘፈን ትላታለህ?»

ብረቱን በክንዴ መከትኩት። ፖሊስ ደርሶ ተስፋዬን ሲይዝ ግርማም እኔም መሬት ላይ ነበርን። ሬቸል መኪናው ውስጥ ሆና ባንጆዋን አቅፋ ታለቅሳለች። ለምን እንደተደባደቡ ስነግራት ማልቀሷን አቆመችና የመኪናውን በር ዘጋችብኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ዑመርን ሎግያ መስጊድ ደጃፍ አገኘኋቸው። ፈርቻለሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፣ ያ ባሰብኝ።

«የማን ልጅ ናት ስልህ መለስክልኝ» አሉ። «ዘፈን ናት ማለት ምን ከበደህ፣ መምህር?»

አስቀመጡኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ንገረኝ፣ ያየኸውን ለብቻ፣ የሰማኸውን ለብቻ፣ ከራስህ የጨመርከውንም ለብቻ አሉኝ። በሕይወቴ እንዲህ ተጨንቄ አውርቼ አላውቅም። ስጨርስ ተነስተው ያገኟቸውን ሰዎች አስቀመጡና ስሜን ጠርተው ሁሉን ነገሯቸው። የተስፋዬ እህት በሕይወት ካለች የት እንዳለች ይፈለግም አሉ። ሰዎቹ እኔን አንድ ጊዜ አየት አድርገው ሄዱ።

ቅዳሜ

ሰናይት በዳጉ ተገኘች! ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ገላፊ፣ ሹፌሮች የሚበሉበት ቤት ሥራ ይዛለች። ስልኳን ተሰርቃ ነው። መገደሏን ራሱ ምሳ እያቀረበች ከአንድ ሹፌር ሰማች። «እኔ ነኝ እኮ» ብላው ሳቀች አሉ፤ የግርማን ነገር ያኔ አልነገሯትም። ዛሬ ጠዋት በጭነት መኪና መጣች። ተስፋዬ በእስር ቤቱ ፍርግርግ እጇን ይዞ አልለቅም አለ፣ ፖሊሱ ነው ያላቀቃቸው።

ሬቸል ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ስንሰነባበት እጄን አልጨበጠችኝም። አልፈርድባትም።

ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ። የግርማ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፣ መንጋጋው ታስሯል። ማን እንደሆንኩ ነርሷ ነገረችው። በቀሩት ጥርሶቹ መሀል ተናገረ።

«ዘፈኑ ላይ ሰውየው ሹፌር ነው?»

አይደለም፣ ዘፈኑ ሥራውን አይናገርም አልኩት።

«ታዲያ ሹፌር ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የጠያቂ ሰዓት እስኪያልቅ ወንበሩ ላይ ቆየሁ።