የነጠብጣብ ብርሃን ነገር

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሙሉቀን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንደምን ሰነበትክ? ራስ ምታትህ ለቀቀህ ወይ? የአውስትራሊያ ብርድ ሊወጣ ነው ብለኸኝ ነበርና አሁን ሞቅ አለላችሁ? ባለቤትህ ሊድያስ እንዴት ናት? ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ ልጅህ ሩት ናትና፣ አንቺም ልጄ እንደምን ነሽ? ጽሕፈቴ ካስቸገረሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የአባትሽን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ ብዬ ያለ አስተማሪ የለቀምኩት ፊደል ስለሆነ አንዳንዱ ይንጋደዳል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘንድሮ ዝናቡ ቆላውን አልነፈገውም፤ ማሽላው አንገቱን ደፍቷል፣ ግሪሳ ወፍም እንደ ልማዱ ደርሶበታል። ባለቤቴ ሰይፉ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ከሞተ ወዲህ ማማው ላይ ወጥቼ ወፍ የምጠብቀው እኔው ነኝ። ጉልበቴ ብቻ መወጣጫው ላይ ይለግምብኛል።

በስልክ የነገርከኝን ሳብሰለስል ከረምኩ። ሐኪሞቹ የራስ ቅልህን ከኋላ በኩል ከፍተው፣ አንጎልህ ማየት በሚያውቅበት ቦታ ላይ ትንሽ መሣሪያ ሊያኖሩ ነው፤ መነጽርህ ላይ ያለች ካሜራ ያገኘችውን ወደዚያ ትልካለች፤ አንተም ያለ ዐይን ብርሃን ታያለህ። «ገና ሙከራ ነው፣ ከእኔ በፊት የሞከሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው» አልከኝ። የሚታየው ነጠብጣብ ብርሃን እንጂ የሰው መልክ አይለይም፤ ደም ሊፈስ፣ የሚጥል በሽታ ሊከተል ይችላል፤ ሙከራው ሲያልቅም መሣሪያው ሊወጣ ይችላል አልከኝ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቅኸኝ። አንደኛው፣ ዐይንህ ሳይጠፋ ምን ምን ታይ እንደነበር ለሐኪሞቹ እንድጽፍልህ ነው። ሁለተኛው፣ «ልግባበት ወይስ ልተወው?» የሚለው ነው።

ለጎረቤቴ ለሐምዲያ አጫወትኳት። እሷ መቼም ቁም ነገር ሳይቀልዱበት አይጥማትም። «ወላሂ አሰጉ፣ እንደኛ ሰፈር መብራት በየመሐሉ ድርግም የሚል ከሆነ ይቅርበት በይው። ደግሞ ሲናደድ እንዳይቃጠልበት!» አለችኝ። ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ግን እንባው ብቻውን ቀረ።

ነጠብጣብ ብርሃን ማለት ምን እንደሆነ ላውቅ ፈለግሁ። ባለፈው ረቡዕ ከቀትር በኋላ ማማው ላይ ሆኜ ጋቢዬን ከነራሴ ተከናነብኩና ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞርኩ። ጋቢው ያረጀ ነው፤ በድሩና በማጉ መሐል ብርሃኑ እንደ ተበተነ ጤፍ ሆኖ ገባ። ማሽላው ሲወዛወዝ ነጠብጣቦቹ አብረው ይወዛወዛሉ፤ ደመና ሲያልፍ ይከስሙና መልሰው ይፈካሉ። የት እንዳለሁ ጠፋኝ። የሮቢት ወንዝ ከእግሬ ሥር ሳይሆን ከራሴ በላይ የሚፈስ መሰለኝ። ከዚያ በነጠብጣቦቹ መሐል ቀጥ ያለ ጥቁር ነገር ገባ። ዛፍ አይደለም፣ ይራመዳል። በሬ አይደለም፣ ቀጭን ነው። ሰው መሆኑን አወቅሁ። ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ግን ሙሌ፣ አንድ ሰው ወደ እኔ እየመጣ መሆኑን ከድምፁ በፊት ማወቅ እንዴት ደስ ይላል! ሰይፉ ይሆናል አልኩ። ሟቿ እናታችን ትሆናለች አልኩ። አንተም ትሆናለህ አልኩ። ለጥቂት ጊዜ ሁላችሁንም ሆነ። ኋላ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ወፉ ማሽላሽን ጨረሰው እኮ! አንቺ ተከናንበሽ ትተኛለሽ?» ሲለኝ ሐምዲያን ሆነ።

እንግዲህ ለሐኪሞቹ እንዲህ በላቸው። ወንድሜ እስከ ስምንት ዓመቱ ከሁላችንም አብልጦ ያይ ነበር። አፋሮች ወደ ገበያ ሲመጡ፣ አቧራውን ከሩቅ አይቶ የግመል ነው ወይስ የከብት ነው ብሎ ይለይ ነበር። ግሪሳው ባንድነት ተነሥቶ ሲዞር፣ «እትዬ፣ ሰማዩ ነጠላውን አራገፈ» ይለኝ ነበር። ከጣርማበር ጭጋግ ሲወርድ የተላከበትን ረስቶ ቆሞ ይፈዝ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ተገርፎበታል። ሰማያዊውንም አረንጓዴውንም «ለምለም» ይል ነበር። ባለማየት አይመስለኝም፤ ቃሉ ስላልነበረው ነው። ስለዚህ አንጎሉ ብርሃንን ያውቀዋል፤ እንግዳ አይሆንበትም።

የቀረውን ሩትም ከአንተ ሰምታዋለች። ኩፍኝ ሲይዝህ፣ ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ የመንገደኛ ጥላም ይጎዳዋል ብለን ጓዳውን አጨልመን አስተኛንህ። እማማ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ እኔን በር ላይ አቆመችኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የኩፍኝ መድኃኒት ይዞ በየቤቱ ሲዞር ደጃችን ደረሰ። «የታመመ ልጅ አለ?» ሲለኝ፣ «የለም፤ ወንድሜ ማጀቴ አገር አክስታችን ዘንድ ሄዷል» አልኩት። ያዳንኩህ መስሎኝ ነበር፤ ኩፍኙ ግን ዐይንህን ይዞ ሄደ። አንተ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነህ ትሰማ ነበር። እኔን ላለማሳጣት ሳልህን ውጠህ ዝም አልክ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ወቅሰኸኝ አታውቅም፤ የከበደኝም እሱ ነው።

በስልኩ መጨረሻ ላይ፣ «እትዬ፣ ይህ ከተሳካልኝ አንቺም ታርፊያለሽ» አልከኝ። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ቃልህ ነው። ያኔ ለእኔ ብለህ ሳልህን ዋጥክ። አሁን ደግሞ ለእኔ ብለህ ራስህን ልታስከፍት ከሆነ፣ ወንድሜ፣ አትግባበት። ፀፀቴ የራሴ ነው፤ አብሬው ኖሬያለሁ፣ ለምጄዋለሁ። እኔ ከእሱ እንድላቀቅ ተብሎ የሰው ራስ አይከፈትም።

ለራስህ ጓጉተህ ከሆነ ግን፣ ሩት በበር ስትገባ ቁመቷ የት እንደደረሰ ልታይ አምሮህ ከሆነ፣ ግባበት። እየፈራሁም ቢሆን ግባበት እላለሁ። አይቶ ማጣትን አንተ ታውቀዋለህ፤ እሱን እኔ ልመክርህ አልችልም። ስለ አንተ መልስ ልሰጥ ዳግመኛ በር ላይ አልቆምም።

ሊድያን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን መነጽር አድርጌ ነው ይህን የጻፍኩት። ሐምዲያ፣ «አላህ ያግዝህ፤ ካየህ ግን መጀመሪያ እኔን እንዳታይ፣ ጥርሴ አልቋል» ብላሃለች። ባሏ ቃሲም ደግሞ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ያቺ ካሜራ ወፍ የምታባርር ከሆነ አንድ ትላክልን ይላል።

ሩትዬ፣ አንቺን ዐይንሽን እስማለሁ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ዝም በይ። አባትሽን «ምን ወሰንክ?» አትበይው። ሰው ደስ እንዲለው ብሎ መልሱን የሚያፈጥን ሰው ነው። የመጀመሪያው ቃሉ ስለ እኔ ከሆነ፣ ገና አልተናገረም ማለት ነው፤ ስለ ራሱ እስኪናገር ድረስ አጠገቡ ቁጭ በይ።

እህትህ አሰገደች ከበደ
ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 21 ቀን 2010 ዓ.ም.