ይለቀቅ ነው የሚለው

ለባለቤቴ ለቢምረው፣

ከተለየኸኝ ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። በሕይወት ሳለህ አንቱ ነበር የምልህ። በሠርጌ ማግስት እናትህ እንዲያ በይ ብለውኝ፣ እስክትቀበር ድረስ አንድ ቀን አልሳትኩም። አሁን ግን አንተ ልልህ ነው። የምነግርህ ነገር በአንቱ አይነገርም። ደግሞም ይህን ደብዳቤ ሰው አልጻፈልኝም፤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው ታድሷል፤ ከጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ አስቆርጠነዋል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ልጅህ ቡሬ ተዛውራ እዚያው ታስተምራለች። እኔ ደግሞ ፊደል ቆጠርኩ። አትሳቅ። ከጎረቤታችን ከበርበሬ ነጋዴዋ ከሐዋ ጋር ቀበሌው አዳራሽ እየሄድን፣ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበታችን አልገባ እያለን ተማርን።

በሚያዝያ መምህራችን ጉብኝት ልውሰዳችሁ አለች። የት እንደሆነ ስትነግረን ደግመሽ ንገሪኝ አልኳት። አንተ የታሰርክበት የድሮው ግዛት ቤት ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው። ታድሶ ለጎብኚ ተከፍቷል። ሐዋ ሚኒባሱ ውስጥ፣ የሻረግ፣ ዛሬ እኮ ቱሪስት ሆነናል፣ የቀረን ቁምጣ መልበስ ነው እያለች ሰው ታስቃለች። እኔ አልሳቅሁም።

ያኔ ዘበኛው በዱላው ጫፍ ወዲያ በሉ ይለን በነበረበት በር፣ ባጅ ያንጠለጠለች ልጅ እንኳን ደህና መጣችሁ እናቶቼ ብላ ጎንበስ አለች። የገዢው ወንበር በገመድ ታጥሯል። አንተ ያደርክበት ክፍል ውስጥ አገልግልና ሌማት ተደርድሯል፤ ልጅቷ የእህል መጋዘን ነበር አለች። ባሌ የታሰረበት ነው አልኳት። አይ እማማ፣ ሰነዱ እንደዚያ አይልም አለችኝ በትሕትና። ሰነድ ሲባል ዝም ማለት የለመደብኝ ነው፤ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፍኩ።

በመጨረሻው ክፍል መስታወት ሥር ወረቀቶች ነበሩ። መጀመሪያ ያየሁት ፊደሉን አይደለም፤ አሻራውን ነው። ሰማያዊ ነው፤ መሐሉን ማጭድ የሰነጠቀው ጠባሳ ያቋርጠዋል። የእኔ አውራ ጣት ነው።

ያን ቀን አልረሳኸውም። የወንዝ ዳሩን መሬት ለገበሬ ማኅበሩ አልለቅም ብለህ ታሰርክ። እኔ በሩ ላይ ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ፣ ባሌ ይለቀቅ ብለህ ጻፍልኝ አልኩት። ጻፈ፤ ጣቴን አኖርኩ። በሦስተኛው ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ አንተም እጅህን ታስረህ ቆመህ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ ባለቤቴ ይልቀቅ ዘንድ አመለክታለሁ። ይኸው፣ ሚስቱ እንኳ መሬቱን ይልቀቅ ትላለች፣ አለ። አየኸኝ። ከዚያ እጅህን ሲፈቱልህ ጎንበስ ብለህ መሬቱን ለቅቄያለሁ ብለህ ፈረምክ።

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልወጣህም። ግን ወረቀት የተባለን ነገር ከእጄ አራቅህ። የልጆቹን የክትባት ካርድ ሳይቀር እኔ የማልደርስበት ማገር ላይ ትሰካው ነበር። እኔም ጸሐፊው አሳስቶ ጻፈ ብዬ አመንኩ። ፋሲካ ሊገባ ሰሞን ድንጋይ ተሸክሜ እግርህ ሥር ወደቅሁ። እግዜር ይፍታሽ አልከኝ። አላጠፋሽም ግን አላልክም። በቀብርህ ላይ እህትህ ሙሾ ስታወርድ እንዲህ አለች፦

ጠላት መቼ ቻለው ሊነቅለው ከርስቱ፣
አንዲት ጣት ጣለችው ያውም ከገዛ ቤቱ።

ለቀስተኛው ሁሉ ገባው። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ።

እንግዲህ መስታወቱ ላይ አጎንብሼ ፊደል በፊደል ለቀምኩት። ይ። ለ። ሳድሱ ል አይደለም፤ ሕፃን የማይስተው የመጀመሪያው ለ ነው። ቀ። ቅ። ይለቀቅ ነው የሚለው፣ ቢምረው። ጸሐፊው አልተሳሳተም፣ እኔም አልተሳሳትኩም። የሳተው ማንበብ የሚችለው ሰው ነው፤ ያውም ወዶ።

አንተስ? አንተ ዳዊት የደገምክ ሰው ነህ። ልትፈርም ስታጎነብስ ወረቀቱን አሳዩኝ ማለት እንዴት አቃተህ? እኔ ማንበብ ስለማልችል አመንኳቸው። አንተ እየቻልክ አመንካቸው፤ እኔን ግን አላመንክም። ይህን በአንቱ ማለት አልችልም።

ከሥሩ የተለጠፈው መግለጫ፣ ባሏ መሬቱን እንዲለቅ የጠየቀች ገበሬ ማመልከቻ ይላል። ልጅቷን ጠርቼ ወረቀቱን አንብቢልኝ አልኳት። መግለጫውን አየት አድርጋ፣ ይልቀቅ ዘንድ ብላ አነበበች። በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢው አልኳት። መስታወቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ይ፣ ለ፣ ብላ ቆመች። እርስዎ ማን ነዎት እማማ አለችኝ። አውራ ጣቴን ከአሻራው አጠገብ አኖርኩላት።

ጣቴንና አሻራውን አስተያይታ፣ መግለጫው እንዲታረም ማመልከቻ ያስገቡ አለችኝ። ሐዋ ሳቋ አመለጣት፤ ደግሞ ማመልከቻ፣ በዚህ ቤት ማመልከቻ እንዴት እንደሚነበብ አየን እኮ ልጄ፣ አለቻት። እኔ ግን ወንበር ስቤ ጻፍኩ። ልጅቷ ለደግነቷ የአሻራ ቀለም ይዛልኝ መጣች። መልሰሽ አስቀምጪው አልኳት። የሻረግ ብዬ ፈረምኩ፤ ረዋ ትንሽ ተንጋደደች እንጂ ትነበባለች።

መግለጫውን እስካሁን አልቀየሩትም። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ፤ የሚመለከተው ክፍል እያየው ነው ይሉኛል። ይየው። እስኪነቀል ድረስ እመላለሳለሁ፤ ጎብኚ ነኝና ውጪ የሚለኝ የለም። በሙት ዓመትህ ደግሞ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ከመስታወቱ ሥር የገለበጥኩትን ማመልከቻ ቆሜ አነብበዋለሁ። እህትህ ቤት መምታት ታውቅበታለች፤ ሙሾዋን ታርመው።

አንተን አልረሳህም። ዝናብ ሲመጣ በሬዎችህን እየጠራህ የምታፏጨውን ፉጨት፣ ስታመም ሌሊቱን ሙሉ እጄን ይዘህ መቀመጥህን፣ አንዱንም አልረሳም። ክፉ ባል አልነበርክም። ይቅርታ መጠየቄን ግን ከዛሬ ጀምሮ ሽሬዋለሁ። አንተም ባለህበት ስታስበኝ፣ ያልለቀቀችህን ሴት አስብ።

የሻረግ