የሸጥኩት አፈር

ለምወድሽ እኅቴ ለሞሪን፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሮድኒ ወገቡን ታክሞ ቀና አለ ወይስ አሁንም ሶፋው ላይ ተጋድሞ መንግሥትን ይራገማል? ፊሊፓ ፈተናዋን ማለፏን ከእማዬ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። እናንተ አገር ከሰው በጉ ይበዛል ይባላልና ለበጎቹም ሰላምታዬ ይድረስ። እማዬ ደኅና ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት።

በኤፕሪል የሄብልዊክን የእግር ኳስ ክለብ መግዛቴን በጋዜጣ አይተሻል። ለንደን ተቀምጬ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ኩባንያ ስገዛና ስሸጥ ማንም አጨብጭቦልኝ አያውቅም። እዚህ ግን የኖርማን ዳቦ ቤት ሳይቀር መስኮቱ ላይ "የእኛ ልጅ ተመለሰ" ብሎ ለጠፈ። ሰው ሲያጨበጭቡለት ጆሮው ይደፈናል መሰለኝ። ሜዳው እንደምታውቂው ወደ ታችኛው ጎል ያዘቀዘቀ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል በረኛው ከዳክዬ ጋር ነው የሚቆመው። እኔም አፈሩ ተገፎ ይስተካከል፣ አዲስ ሣር ይነጠፍ አልኩ። ሥራ ተቋራጩ አሮጌውን አፈር የት ልድፋው ብሎ ጠየቀኝ። ሙያዬ ነውና ሽጠው አልኩት። ገዢም አላጣም። በእራት ግብዣ ላይ ከጭቃ ገንዘብ ያወጣሁ የመጀመሪያው ባለቤት ነኝ ብዬ ቀልጄ ነበር፤ ተሳቀልኝ።

ሞሪን፣ አንቺና እማዬ የአባባን አስከሬን አስቃጥላችሁ አመዱን በታችኛው ጎል ፊት ስትበትኑ እኔ ለሥራ ሲንጋፖር ነበርኩ። ጽፈሽልኛል፣ አንብቤዋለሁ። የከተማው ሙት እኩሌታው፣ ክለቡን ከመውደዱ የተነሣ፣ አመዱ እዚያ እንደተበተነም ከልጅነቴ አውቃለሁ። ይህን እውቀት ግን በአንዱ ኪሴ፣ "ሽጠው" የሚለውን ቃል በሌላው ኪሴ ይዤ ነበር የምዞረው፤ ሁለቱ ኪሶች ተገናኝተው አያውቁም።

ያገናኛቸው ኖርማን ነው። ባለፈው ወር ከደጋፊዎች ጋር ተሰብስበን፣ ስለ ወንበር ዋጋና ስለ አዲሱ አጥቂ ሲጠይቁኝ ቆይተው፣ ኖርማን ኮፍያውን አውልቆ ተነሣና አሮጌው አፈር የት እንደደረሰ ጠየቀኝ። ባላንጣዎቻችን ስታንሮይዶች ለልጆቻቸው የልምምድ ሜዳ ገዝተውታል አልኩት። አባባ ባቡሩ ስታንሮይድን ሲያልፍ መጋረጃውን ይዘጋ እንደነበር ታስታውሻለሽ።

"ክላይቭ ልጄ፣" አለኝ ኖርማን፣ "ሚስቴ ሂልዳ እዚያ ውስጥ ነበረች። ስንት እንዳወጣች ብቻ ንገረኝ። እኔ አርባ ዓመት ሞክሬ ገዢ አላገኘሁላትም።"

ሰዉ ሳቀ። ኖርማን ግን አልሳቀም፤ ቆሞ መልሴን ይጠብቅ ነበር። ያን ሲያዩ እነሱም ሳቃቸውን ዋጡት። ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል፤ እኔ መሬቷንም ሸጬያታለሁ።

እማዬ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ራሴ መንገር ነበረብኝ። ከታችኛው ጎል ጀርባ ተቀምጣ ጨዋታው ሲያልቅ ዳኛውን ለአባባ የምታማዋን ሴት በምን አፍ ልንገራት? በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ገብቼ ነገርኳት። መፍትሔም ይዤ ነበር፤ አፈሩን መልሼ እገዛለሁ፣ እምቢ ካሉም ክለባቸውን ጭምር እገዛለሁ አልኳት። ዳቦዋን ቅቤ መቀባቷን አላቋረጠችም።

"እንዲህ ያደረግኸው ገዝተህ አይደል?" አለችኝ። ከዚያ ወደ ስታንሮይድ የሚሄደው አውቶቡስ ከየት እንደሚነሣ ጠየቀችኝ። በመኪናዬ ልውሰድሽ ብላት አሻፈረኝ አለች፤ እኔም አብሬያት ተሳፈርኩ።

የእኛን ሰማያዊና ነጭ የአንገት ልብስ አድርጋ በጠላት ከተማ መካከል ስትራመድ አንድም ሰው ሊናገራት አልደፈረም። ሜዳው ላይ ቀይ የለበሱ ሕፃናት ይሯሯጣሉ። እኔ አንድ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ በካፖርቴ ሥር ይዤ ነበር፤ ዘበኛውን አስፈቅጄ ጥቂት አፈር ልዘግን ጎንበስ ስል አየችኝ።

"የትኛው እፍኝ አባትህ፣ የትኛው እፍኝ የኖርማን ሚስት እንደሆነች በምን ልትለይ ነው?" አለችኝ። "በዚህ ዕድሜዬ የሰው ሚስት ቤቴ አላስገባም።"

ቆርቆሮውን መልሼ ሸጎጥኩት። እሷ ወደ መስመሩ ጠጋ ብላ አንገቷን ደፋች። "ኧርኒ፣" አለችው አባባን፣ "ተነሥ እንሂድ አልልህም። ግን እንዳታጨበጭብላቸው።"

ትናንት ቅዳሜ በአዲሱ ሣር ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ አደረግን። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሏል። አሸነፍን። በክብር ትሪቡኑ ከጎኔ ስሟ የተጻፈበት ወንበር አዘጋጅቼላት ነበር፤ ባዶውን ዋለ። እሷና ኖርማን ሻይ በፔርሙዝ ይዘው በአውቶቡስ ስታንሮይድ ሄደው ነበር። ማታ እንዴት ዋላችሁ ብዬ ጠየቅኳት። ሕፃናቱ ሦስት ለባዶ ተሸነፉ፤ ዳኛው እውር ነው፤ ለአባትህ ነግሬዋለሁ፤ አለችኝ። የእኛን ውጤት አልጠየቀችኝም።

አልተቆጣችኝም ሞሪን። የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ስትጽፊላት ስለ እኔ አትማልጂ፤ ይልቅ አንቺ ተቆጪኝ፤ ከአንድ ሰው መስማት አለብኝ።

ሮድኒን ወገቡን ሳትነኪ እቀፊልኝ። ፊሊፓን ሳሚልኝ፤ ትንሹ ቶቢም አጎቱ በግ ገዝቶ መልሶ እንደማይሸጥበት ይወቅ። እማዬ ሰላም ብላሻለች፤ ሹራብሽ እጅጌው ብቻ ቀርቶታል። ከአባባም ሰላምታ እንዳልልክልሽ፣ አድራሻውን ሳላስፈቅደው ቀይሬበታለሁ።

ያፈረው ወንድምሽ
ክላይቭ

ሄብልዊክ፣ እሑድ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2013